የኢንሺራህ ፍሬት

ፊክሪ ጊታር የሚመርጠው በጉንጩ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሆኖ ሳለ ገመዱን እንኳ አይሰካም፤ ክሩን በአውራ ጣቱ መታ ያደርግና ጉንጩን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ ዓይኑን ይጨፍናል። ፖርት ሳኢድ ያለው ባለሱቅ መጀመሪያ ሲያየው ጥርሱን ያመመው ሰው መስሎት፣ "ወንድም፣ ሐኪሙ እኮ ፎቅ ላይ ነው" ብሎታል።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ፖርት ሳኢድ ያለ ቀረጥ የሚሸመትባት ከተማ ሆና፣ የካይሮ ሰው ሁሉ ጂንስና ቴፕ ሊገዛ አውቶቡስ የሚጋፋበት ዘመን። ፊክሪ የሄደው ከአዲሷ ሚስቱ ከኢንሺራህ ጋር ነበር። ሰርግ ቤት እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ በተውሶ ጊታር ያጅባታል። ተውሶ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራው ገና ሳይገባ ባለቤቱ "ጊታሬን!" ብሎ ይመጣል።

ሱቁ ውስጥ አንድ ቀይ የጣልያን ጊታር ተሰቅሏል፤ ያብረቀርቃል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ ብዛቱ ለጉድ ነው። ፊክሪ ገና ከበሩ ዓይኑ እሱ ላይ ቀረ። ኢንሺራህ ጠጋ ብላ አየችውና፣ "ይሄ ጊታር ነው ወይስ አውሮፕላን ማብረሪያ?" አለች። ባለሱቁ ሳቀ። ፊክሪ አፈረ። ከዚያ ጥግ ላይ ማንም ዞር ብሎ ያላየው የጃፓን ሥራ አገኘች፤ ቀለሙ የፉል ቀለም፣ መልኩ ምንም የማይል። "እስቲ እሱን ጉንጭህ ላይ አድርገው" አለችው።

አደረገው። ክሩን መታው። ድምፁ እንጨቱ ውስጥ ገባና አልወጣ አለ፤ ቆየ፣ ቆየ፣ እንደገና ቆየ። ፊክሪ ዓይኑን ሳይገልጥ "ነይ ስሚ" አላት፤ እሷም ጎንበስ ብላ በሌላኛው ወገን ጆሮዋን ለጠፈች። ሁለቱ እንዲያ ጊታሩን መሃል አድርገው ቆመው ሳለ ባለሱቁ የጎረቤቱን ነጋዴ ጠርቶ አሳየው ይባላል። ፊክሪ ዛሬም ያቺን ቀን ሲያነሳ ድምፁ ይለሰልሳል። "እኔ ሁለቱንም የመረጥኩት ያን ቀን ነው" ይላል፤ ጊታሩንና ሚስቱን ማለቱ ነው። ኢንሺራህ ትሰማና "ዋሾ! እኔን ቀደም ብለህ ለምነህ ነው ያገኘኸኝ" ትላለች።

መግዛቱ ግን ግማሽ ነው። ጊታር የባዕድ ልጅ ነው። አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የሚባሉት፣ ለነሱ ዜማ የተቆረጡ ናቸው፤ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። የእኛ ሲካ የምትባለው የዜማ ድምፅ ደግሞ በሁለት ፍሬት መሃል ነው የምትኖረው፤ ሁለት ጎረቤት አላት እንጂ ቤት የላትም። ያለ ሲካ የካይሮ ሰርግ ላይ ልጫወት ማለት ያለ ጨው ፉል ማቅረብ ነው፤ ሰው ይቀምሰዋል እንጂ አይበላውም። ስለዚህ የሰርግ ጊታሪስት ሁሉ አዲስ ጊታር ሲገዛ መጀመሪያ የሚሮጠው መሐመድ አሊ ጎዳና፣ ዑድ የሚባለውን የዓረብ ባለክር መሣሪያ የሚሠሩት ጋ ነው፤ ተጨማሪ ፍሬት ለማስገባት።

አብዛኞቹ ሠሪዎች ማስመሪያ አንስተው የሁለቱን ፍሬት መሃል ለክተው ይቆርጣሉ፤ አለቀ። ፊክሪ የሄደበት ሠሪ ኡስታ ወዲዕ ግን እንደዚያ አይነት ሰው አልነበረም። ጊታሩን አገላብጦ አየና፣ "የሚዘፍንልህ ማነው?" አለው።

"ሚስቴ ናት።"

"ታዲያ እሷን ሳትይዝ ምን ልታደርግ መጣህ? የአስዋን ሰው ሲካ ሌላ፣ የሶርያ ሰው ሲካ ሌላ። እኔ ማንን ብዬ ልቁረጥ፣ ማስመሪያውን?"

ፊክሪ ተመልሶ ኢንሺራህን አመጣት። ወዲዕ የዓሣ ማጥመጃ ክር የጊታሩ አንገት ላይ ጠምጥሞ አሰረና "ዝፈኚ" አላት። እሷ ድምፁን ይዛ ስትቆም እሱ ክሯን በጥፍሩ ወደ ታች ወደ ላይ እየገፋ፣ የጊታሩ ድምፅ ከድምፅዋ ጋር አንድ እስኪሆን ፈለጋት። ክሯ ስትቆም ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ብላ ነበር።

"ዝቅ ትላለች" አለ ወዲዕ።

ኢንሺራህ ደነገጠች። "ጥፋት ነው?"

"ምን ጥፋት አለው ልጄ! ያንቺ ናት" ብሎ እዚያው ላይ በቢላ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ በመጋዝ ቆረጠ፣ ብረቱን መትቶ አስገባ። ፊክሪ ቆሞ ሲያይ እንባው መጣበት። የሚወዳት ሴት ድምፅ እንጨት ላይ ሲቀመጥ አይቶ ዝም የሚል ማን አለ?

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ጥሩ ዘመን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሰርግ አይጠፋም። ሰፈሩ መሃል ድንኳን ተተክሎ፣ በቀለም አምፖል አጊጦ፣ ጓደኛቸው ሻውቂ ከበሮውን ይዞ፣ ፊክሪ ጊታሩን አንግቦ፣ ኢንሺራህ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ይወጣሉ። ሲካዋ ላይ ስትደርስ ሽማግሌዎቹ "አላህ!" ይሉና እጃቸውን ያነሳሉ፤ ፊክሪ ደግሞ እዚያች ፍሬት ላይ ጣቱን አሳርፎ ፈገግ ይላል።

ታዲያ እጁ አያርፍም። ጊታር ያለው ሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት፤ "ይቺን ብቻ ብቀይራት" ይላል፣ ይቀይራል፣ ነገ ሌላ ይታየዋል። የሰርጉ መብራት ከጄኔሬተር ስለሚመጣ ጊታሩ ዝዝዝ እያለ የሙሽሪትን እናት ዕልልታ ይበልጥ ነበር፤ ፊክሪ የሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ከየካፌው ለቃቅሞ የጊታሩን ሆድ ከውስጥ አለበሰውና ጩኸቱ ጠፋ። ድምፅ የሚለቅሙትን ማግኔቶች ከተሰበረ ጊታር አውጥቶ ቀየራቸው። መቃኛዎቹ ከጭፈራ በኋላ እየላሉ ያስቸግሩ ነበር፤ ጠንካራ አስገባ። የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ጠፍቶበት የእናቱን ሬዲዮ ቁልፍ ነቅሎ ተከለ፤ እናቱም ዜና የምትሰማው በፒንሳ እየቆነጠጠች ሆነ።

ነጭ ፋሽን በሆነ ጊዜማ ነጭ ቀባው። ቀለሙ ሳይደርቅ ሐሙስ ደረሰ። ሙቀቱም እንደምታውቁት የነሐሴ ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ የኮቱ እጅጌ የጊታሩ ደረት ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ፤ ፊክሪ አንድ ቦታ እንደተቸነከረ አጨበጨቡለት፣ ሰው አዲስ ዓይነት አጨዋወት መስሎታል። ኢንሺራህ ማይኩን ይዛ ስትስቅ ግጥሙ ጠፋባት። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት እሱ ነው፤ ኮቱም ጊታሩም ተበላሹ። ተፍቆ ወደ ፉል ቀለሙ ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከጃፓን ከመጣው ግንዱና አንገቱ ብቻ ቀሩ። ያቺን የወዲዕን ፍሬት ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀደም።

ከዚያ ኦርግ መጣ። አንድ ሰው ተቀምጦ ከበሮውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ቫዮሊኑንም በጣቱ የሚያወጣበት ማሽን። ከሻውቂና ከፊክሪ ጋር አንድ ባለኦርግ ተቀጠረ። አንድ ሐሙስ ሰርጉ መሃል ሰውዬው ወደ ኢንሺራህ ዘንበል ብሎ፣ "ሲካሽን ትንሽ ከፍ አድርጊያት፤ ኦርጉ ላይ የለችም" አላት።

"ኦርጉ ዝቅ ይበላ!"

"እንዴት ዝቅ ይላል? በፋብሪካ የተሠራ ነው።"

"እኔ ደግሞ በእናቴ" አለችና ማይኩን አስቀምጣ ከመድረክ ወረደች። በዚያው ቀረች። ኩርፊያ ነው፣ ሳምንት ነው፣ ወር ነው ሲባል ሃያ ዓመት አለፈ። መድረክ ይቅር፣ ዕቃ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም። ፊክሪ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ይጫወታል፤ እሷ ውስጥ ቴሌቪዥን ታያለች። አንድ ቀን "ጥሩ ነው" አላለችም፣ "ዝም በል"ም አላለችም። ይሄ ነው ፊክሪን የጎዳው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ዘንድሮ ሻውቂ ልጁን ሊድር ነው። ፊክሪ ቤት መጣና ሻዩን ሳይቀምስ ጀመረ። "ልጅቷ ዲጄ አልፈልግም አለች። 'አባዬ፣ ድሮ እናንተ ትጫወቱ የነበረውን ነው የምፈልገው' አለችኝ። እኔ ከበሮ፣ አንተ ጊታር።" ድምፁን ዝቅ አደረገና ወደ ኩሽናው በአገጩ እያመለከተ፣ "እሷስ?" አለ።

"አንተ ጠይቃት።"

"እኔ? እኔ ገና ልጅ የምድር ሰው ነኝ ወንድሜ፣ ሞት አልሻም።"

ኢንሺራህ ከኩሽና፣ "እሰማችኋለሁ" አለች። "አልዘፍንም። ጉልበቴን ቅባት ስቀባ እንኳ የሚወጣው ድምፅ ማቃሰት ነው። ፊክሪ፣ ጊታርህን አሳምርና ሂድ።"

ፊክሪ ከዚህ ንግግር ውስጥ "ጊታርህን አሳምር" የሚለውን ብቻ ያዘ። ፍሬቶቹ በጣት ብዛት ተበልተው ክሩ መንገጫገጭ ጀምሯል። እንደ ድሮው አድርጌ ባሰማምረው፣ አለ በልቡ፣ ድምፅዋን በደንብ ትሰማዋለች፤ ስትሰማው ልቧ ይራራል፤ ሐሙስ አንድ ዘፈን፣ አንድ ብቻ። ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከእንግዲህ ስንት ሰርግ ይመጣለታል?

ወዲዕ ካረፈ ቆይቷል፤ ሱቁን የያዘው ሚድሐት የሚባል ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ሚድሐት እጁ ወርቅ ነው፤ ጨዋም ነው። ፊክሪ ጊታሩን ሰጠውና "ፍሬቱን በሙሉ አዲስ አድርግልኝ፣ ለሐሙስ ነው" አለው። ስለ ተጨማሪዋ ፍሬት ምንም አላለም። ምን ብሎ ይናገራል? የራሱን አፍንጫ ፊቱ ላይ ተውልኝ ብሎ ፀጉር አስተካካይን የሚለምን አለ?

ማክሰኞ ቀን ጊታሩን ይዞ ቤት ገባ። ፍሬቶቹ ያበራሉ፣ አንገቱ በዘይት ታሽቷል፣ ክሩ አዲስ ነው። ኢንሺራህ ኩሽና ውስጥ ዝኩኒ በሩዝ እየሞላች ነው። ፊክሪ ሆን ብሎ በሩን ከፍቶ፣ እሷ ድሮ የምታስጮኸውን ዜማ ጀመረ። አንድ ነገር ቅር አለው፤ አዲስ ብረት ስለሆነ ነው ብሎ ቀጠለ። ሲካዋ ላይ ሲደርስ ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ወደቀ።

"ማናት እሷ?" አለች ኢንሺራህ።

"ማን?"

እጇ ሩዝ እንደሆነ ብቅ አለች። "ጊታርህ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ናታ! እኔ አይደለሁም። ማናት?"

ፊክሪ እንደገና መታት። እውነትም። ከፍ ብላለች። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር ደረቱን መታው፤ "ሃያ ዓመት አልሰማሽኝም ብዬ..." አለ።

"ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ማታ ማታ ማንን ይመስልሃል ስሰማ የነበረው፣ ተከታታይ ፊልሙን?" እጇን ጠረገች፤ መሐረቧን አናቷ ላይ ጣል አደረገች። "ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።"

ሚድሐት ሲያያቸው ለምስጋና የመጡ መስሎት ደስ አለው። ወንበር አቀረበ፣ ሻይ አዘዘ። "ዓም ፊክሪ፣ አጎቴ፣ እንዴት ነው? አንዷ ፍሬትዎ ጠማማ ነበረች፤ ወዲዕ አርጅቶ የሠራት ሳትሆን አትቀርም። ቀዳዳዋን ደፍኜ በማሽን ለክቼ ትክክለኛው መሃል ላይ አቃናኋት።"

"አቃናኸኝ?" አለች ኢንሺራህ። "እናቴ ያላቃናችኝን አንተ አቃናኸኝ?"

ሚድሐት ወደ ፊክሪ ዞረ፣ ፊክሪ ወደ መሬት። ነገሩን ሲነግሩት ሰውዬው አፉን በእጁ ያዘ። "ወላሂ አላወቅኩም እናቴ! ልጅሽ ልሁን፣ ይቅር በይኝ። የድሮው ቦታ ግን አልጠፋም፤ ይኸው።" መብራቱን አስጠጋ። ካቃናት ፍሬት ዝቅ ብሎ፣ በእንጨት ዱቄትና በሙጫ የተደፈነው ቀዳዳ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። አዲሷን ፍሬት ወዲያው ነቅሎ ቦታዋን ደፈነ፤ መጋዙንም መስመሩ ላይ አሳረፈ። ፊክሪ ተነፈሰ። ተረፈች አለ በልቡ።

"ቆይ" አለች ኢንሺራህ። "ወዲዕ በዓይኑ አልቆረጠም። ክር እሰር።"

ሚድሐት ቀጭን የናይለን ክር አገኘና የጊታሩ አንገት ላይ ጠምጥሞ አሰረ። ኢንሺራህ ጉሮሮዋን ጠረገች። ፊክሪን አየችው። "አንተ ዙር። አትየኝ።"

ዞረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ዑዶች ፊት ለፊት ቆመ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ተሰበረ፤ "እፍ! ዛገ" አለች። ሁለተኛው በትንፋሽ ተዋጠ። ሦስተኛው ወጣ። ቀጭን ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ግን እሷ ናት፤ ሃያ ዓመት ያልሰማት ኢንሺራህ። ፊክሪ ግድግዳውን በእጁ ደገፈ። ከኋላው ሚድሐት ክሩን እየመታ፣ ናይለኑን እየገፋ ይሰማዋል፤ ሁለቱ ድምፆች ተቀራረቡ፣ ተሻሹ፣ አንድ ሆኑ። የመጋዝ ድምፅ ግን አልመጣም።

ፊክሪ ዞረ። ናይለኗ ጥቁሩ መስመር ላይ አይደለችም። ከሱም ዝቅ ብላለች፤ የሩዝ ፍሬ ስፋት ያህል ወደ ጊታሩ ራስ ሄዳለች።

"ድምፅሽ ገና ስላልሞቀ ይሆናል" አለ ሚድሐት ቀስ ብሎ። እንደገና ዘፈነች። ናይለኗ እዚያው ቆመች። አሁንም ሞከሩ። እዚያው።

ፊክሪ ጥቁሩን መስመር አየ። ፖርት ሳኢድ ጊታሩ ላይ ጆሮዋን የለጠፈችው ልጅ፣ አረንጓዴው ቀሚስ፣ ሽማግሌዎቹ "አላህ" ሲሉ፣ ሁሉም እዚያች መስመር ውስጥ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ጣቱን ያሳረፈባት ቦታ ናት። ከዚያ ዝቅ ያለ ነገር መስማት አልፈለገም፤ ልቡ እምቢ አለው።

"መስመሩ ላይ ቁረጥ" አለ። "ወዲዕ የቆረጠው ላይ።"

ሚድሐት መጋዙን አነሳ። ኢንሺራህ ትቆጣለች ብሎ ፊክሪ አንገቱን ቀብሮ ነበር፤ አልተቆጣችም። እንዲያውም ድምፅዋ የለሰለሰ ነበር።

"ፊክሪ" አለች፣ "ሐሙስ የምትዘፍንልህ ማናት? እሷ ናት ወይስ እኔ?"

ፊክሪ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የሚድሐት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "ትዘፍኛለሽ?"

"የጠየቅኩህን መልስ።"

ቀና ብሎ አያት፤ መሐረቧ ከግንባሯ ሸሽቶ ሽበቷ ወጥቷል፣ ጥፍሯ ላይ ያልጠረገችው ሩዝ ደርቋል። ዓይኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሚድሐት አለ ብሎም አላፈረ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ናይለኗ እንዳትንሸራተት በሁለት ጣቱ ያዛት።

"እዚህ" አለ ለሚድሐት። "እዚህ ጋ ቁረጥ።"